የእሳት ጠባሳና የማኅተም ስሕተት፤ ስለ አክሱም መሐለቅና ስለ ጠገራ ብር

የወርቅ ልባጡ የጠፋበት የአክሱም ነሐስ በእጁ የገባ ተመራማሪ አስቀድሞ ሊመልሰው የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ወርቁ ከቶ ሳይደረግበት ወጣ፥ ወይስ ተደርጎበት ኋላ ጠፋ የሚለው ነው። ጥያቄው ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ወርቁ ከመነሻው አልተደረገበትም ያልን እንደ ሆነ፥ ንጉሡ ወርቅ አንሶት ነበር፥ ወይም የሠራተኞቹ ጥበብ ደክሞ ነበር፥ ወይም ማተሚያ ቤቱ በችኮላ ይሠራ ነበር ወደሚል ፍርድ እንሄዳለን። ኋላ በእሳት ጠፋ ያልን እንደ ሆነ ግን የነገሩ ታሪክ ከንጉሡ ግምጃ ቤት ወጥቶ ገንዘቡን ይዞ ወደ ነበረው ሰው ቤት ወይም ወደ አንጥረኛው ምድጃ ይዛወራል። ስለዚህ ጥፍር በምታህል ነሐስ ላይ የሚሰጥ ፍርድ የአንድን ዘመን ሀብትና ድህነት እስከ መወሰን ይደርሳል።

በዚህ ጽሑፍ መሐለቅ የምለው በጠቅላላው በማኅተም የተመታውን የብረታ ብረት ገንዘብ ነው። የማተሚያ ስሕተት ማለት ደግሞ ገንዘቡ ከማተሚያ ቤት ሳይወጣ፥ ጥፍጥፉ ሲዘጋጅ ወይም ማኅተሙ ሲቀረጽ ወይም ምቱ ሲያርፍበት የደረሰ ጕድለት ነው። ጕዳት የምንለው ከዚያ በኋላ የደረሰበት ሁሉ ነው። እንግዲህ ልዩነቱ የመልክ ሳይሆን የቅደም ተከተል ነው። ከምቱ በፊት የነበረ ጕድለት ማኅተሙ በላዩ ያልፍበታል፤ ከምቱ በኋላ የመጣ ጕዳት ግን ማኅተሙን ይሰብራል፥ ያጣምማል ወይም ያቀልጠዋል። ይህን አንድ ነገር አጥብቆ የያዘ ሰው ከሚያጋጥመው ጥርጥር የሚበዛውን በአጉሊ መነጽር ብቻ ሊፈታው ይችላል።

የአክሱም ነገሥታት መሐለቅ ከእንዱቢስ ጀምሮ፥ ማለት ከ3ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ አንሥቶ፥ እስከ 7ኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ ድረስ በወርቅ፥ በብርና በነሐስ ተመትቷል። አሠራሩ የእጅ ነው። አንደኛው ማኅተም ከታች ይተከላል፤ ጥፍጥፉ በላዩ ይቀመጣል፤ ሁለተኛው ማኅተም ከበላይ ሆኖ በመዶሻ ይመታል። የመቺው እጅ ትንሽ ያጋደለ እንደ ሆነ ሥዕሉ ከመካከሉ ያፈነግጣል፤ የንጉሡ ዘውድ ከጠርዙ ውጭ ይቀርና በሌላው ወገን ባዶ ሜዳ ይታያል። ጥፍጥፉ ከመጀመሪያው ምት በኋላ ፈቀቅ ብሎ ዳግመኛ የተመታ እንደ ሆነ ፊደሉ ጥላ ያለው ይመስል ሁለት ሁለት ሆኖ ይነበባል። እንዲህ ያለው ነገር በእጅ በተመታ ገንዘብ ሁሉ ላይ የተለመደ ስለ ሆነ የሚያስደንቅ አይደለም። ልብ ሊባል የሚገባው ባዶው ሜዳ ለስላሳና ሙሉ መሆኑ፥ የፊደሉም ጫፍ ስለት እንዳለው መቅረቱ ነው። በግፊት የሄደ ብረት ጠርዙ ይሳላል፤ በሙቀት የሄደ ብረት ጠርዙ ይደነዝዛል። ምክንያቱም የቀለጠ ነገር ራሱን ወደ ጠብታ ይሰበስባልና ነው።

ማኅተሙ ራሱ የተሰነጠቀ እንደ ሆነ፥ ስንጥቁ በመሐለቁ ላይ የሚወጣው ተቃራኒ ሆኖ ነው፤ በማኅተሙ ጐድጓዳ የነበረው በገንዘቡ ላይ ቀጭን ጉብታ ይሆናል። በእሳትና በድንገተኛ ማቀዝቀዝ የተሰነጠቀ መሐለቅ ግን ስንጥቁ ወደ ውስጥ የሰመጠ ነው። ብዙ ጊዜም ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው ያልፋል። ይህን ልዩነት ተማሪ በጣቱ ጫፍ እንኳ ሊያውቀው ይችላል። እንደዚሁም አንድ የተመታ መሐለቅ በአንደኛው ማኅተም ላይ ተጣብቆ ሳይታይ የቀረ እንደ ሆነ፥ ቀጥሎ የሚመጣው ጥፍጥፍ በአንዱ ፊት ትክክለኛውን ሥዕል፥ በሌላው ፊት ያንኑ ሥዕል ግራና ቀኙ ተገልብጦ ወደ ውስጥ የሰመጠ አድርጎ ይቀበላል። ይህ ከስሕተቶች ሁሉ እጅግ የሚያስገርመው ነው። በእሳት ውስጥ ተደራርበው የለሰለሱ መሐለቆችም አንዱ የሌላውን ምልክት ሊይዙ ይችላሉ። ነገር ግን የእሳቱ ምልክት ቍራሽና ደብዛዛ፥ ከማዕከሉም የራቀ ሲሆን፥ የማተሚያው ስሕተት ሙሉ መጠን ያለውና ጥርት ያለ ነው።

ከስሕተት የማይቈጠር ሦስተኛ ነገርም አለ። በኋለኞቹ የአክሱም ወርቆች ላይ የግሪኩ ጽሕፈት እየተበላሸ፥ ፊደላት እየተዘዋወሩና እየጐደሉ መሄዳቸው የታወቀ ነው። ይህ የቀራጩ ስሕተት ነው እንጂ የመቺው አይደለም፤ በዚያ ማኅተም በተመታው ገንዘብ ሁሉ ላይ አንድ ቦታ ሳይለውጥ ይደጋገማል። ስለዚህ ተመሳሳይ መሐለቆችን አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ማየት ከማናቸውም መሣሪያ ይበልጣል። አርቱሮ አንዛኒ በ1926 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የአክሱም ገንዘብ ጥናት፥ ከእርሱም በኋላ የመጡት ሊቃውንት በደከሙበት ዝርዝር ላይ ተመርኵዞ ማነጻጸር ለተማሪ የሚከፈትለት የመጀመሪያ በር ይህ ነው።

ወደ እሳቱ ስንመጣ ከአክሱም ይልቅ ጠገራ ብር የተሻለ መምህር ነው። የማርያ ቴሬዛ ብር ንግሥቲቱ በሞተችበት በ1780 እ.ኤ.አ. ዓመተ ምሕረቱ ቆሞ በቪየና፥ ከ1935 እ.ኤ.አ. በኋላም በሮማ፥ በሎንዶን፥ በፓሪስ፥ በብራስልስና በቦምቤይ ሲመታ የኖረ ነው። ክብደቱ 28 ግራም ከጥቂት ክፍልፋይ፥ ንጹሕ ብሩም ከ1000 እጅ 833 ያህል ነው፤ የቀረው መዳብ ነው። የነገሩ ቍልፍ ያለው በዚህ ድብልቅ ላይ ነው። ንጹሕ ብር በ962 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፥ ንጹሕ መዳብ በ1085፥ ንጹሕ ወርቅ በ1064 ዲግሪ ይቀልጣል። ብርና መዳብ ሲደባለቁ ግን ከሁለቱም ዝቅ ባለ ሙቀት፥ በ779 ዲግሪ ገደማ መቅለጥ ይጀምራሉ። ጠገራው በዚህ ሙቀት ሁለንተናው አይፈስም፤ ከፊሉ ጠጣር ሆኖ ሲቀር ከፊሉ በብረቱ ቅንጣቶች መካከል እንደ ላብ ይወጣል። ስለዚህ ከእሳት የወጣ ጠገራ ብር የንግሥቲቱ መልክ ሳይጠፋ ከጠርዙ ጥቃቅን ጠብታዎች ተንጠልጥለው ሊገኝ ይችላል። ይህን ዓይነት ጠብታ ያየ ጀማሪ ተመራማሪ በማተሚያ ቤት ትርፍ ብረት ተጨምቆ የወጣ ሊመስለው ይቻላል። በግፊት የወጣ ትርፍ ብረት ግን ስስና ስለታም ክንፍ ነው፤ ክብ ጠብታ አይሆንም።

በጠገራው ጠርዝ ዙሪያ ፍትሕና ምሕረት የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ጽሕፈት ጐልቶ ተመትቷል። ይህ ጽሕፈት የተደረገው ሰዎች ጠርዙን እየፋቁ ብር እንዳይሰርቁ ነው። ለእኛ ደግሞ ሌላ አገልግሎት ይሰጣል። ሞረድ የነካው ጠርዝ ሰንበር ይታይበታል፤ በእጅ ብዛት ያለቀ ጠርዝ ከፍ ከፍ ያለው ብቻ ተላጭቶ ሥሩ ይቀራል፤ በእሳት የተጐዳ ጠርዝ ግን ጫፉም ሥሩም አብረው ይደነዝዛሉ። ከፊት ገጽ ይልቅ ጠርዙን አስቀድሞ መመልከት መልካም ልማድ ነው።

የቅባትና የቆሻሻ ነገርም ሊረሳ አይገባም። በማኅተሙ ጉድጓድ ውስጥ ቅባት የሞላ እንደ ሆነ ፊደሉ ሳይወጣ ይቀራል፤ ሰው እሳት ያጠፋው ይመስለዋል። ነገር ግን ፊደሉ በጠፋበት ቦታ ዙሪያ ያለው ሜዳ ጤነኛ፥ ብርሃኑም ያልተለወጠ ነው። አገራችን ለደበዘዘ ጠገራ ምሕረት እንዳልነበራት በ19ኛው ምዕት ዓመት የመጡ መንገደኞች ጽፈዋል። ነጋዴው በንግሥቲቱ አክሊልና በትከሻዋ ጌጥ ላይ ያሉትን እንክብሎች ይቈጥር፥ ከጡቷ በታች ያሉትን ሁለት ፊደላት ይፈልግ ነበር፤ የጐደለ እንደ ሆነ አልቀበልም ይላል። ባላገሩ የላቲን ፊደል የማያነብ ቢሆንም በዚህ ረገድ ከብዙ የአውሮፓ ገንዘብ ሰብሳቢ ይልቅ ጠንቃቃ እንደ ነበረ መናገር ተገቢ ነው። ለእርሱ እሳት ያደበዘዘውም ሆነ ቅባት ያደበዘዘው አንድ ነበር፤ የበሬው ዋጋ ይጐድልበታልና። ለእኛ ግን አንድ አይደለም።

መሐለቅ ከእሳት ጋር የሚገናኝበት መንገድ በአገራችን ከማናቸውም ይልቅ በአንጥረኛው ቤት ነው። ድሪው፥ አልቦው፥ አምባሩና የአንገት መስቀሉ አብዛኛው ከጠገራ ብር የተሠራ ነው። ሁሉም ግን ሙሉ በሙሉ አልቀለጠም። አንዳንዱ የአንገት መስቀል ከጠገራው ላይ ተቈርጦ የወጣ ስለ ሆነ የንስሩ ላባ ወይም የላቲኑ ፊደል ቅሬታ እስከ ዛሬ ይነበብበታል። አንዳንዱም ጠገራ እንዳለ ሆኖ ከአናቱ ቀለበት ተበይዶለት በማተብ ወይም በድሪ ላይ ተንጠልጥሏል። ቀለበቱ ኋላ ተነቅሎ ገንዘቡ ተመልሶ ወደ ገበያ የወጣ እንደ ሆነ፥ በአናቱ ላይ የሚቀረው እብጠት፥ የፈሰሰ የመበየጃ ብርና ዙሪያውን የጠቈረ ክብ ቦታ ነው። ይህን የመሰለ ምልክት በአንድ ወገን ብቻ፥ ያውም በሥዕሉ ራስጌ ላይ ያረፈ ከሆነ፥ የቤት ቃጠሎ አይደለም፤ የማተሚያ ስሕተትም አይደለም። የአንዲት ሴት ጌጥ ሆኖ የኖረ ገንዘብ ነው። ለዚህ ማኅበር ዓላማ ከሆነ ደግሞ እንዲህ ያለው መሐለቅ ከጤነኛው ይልቅ ብዙ የሚናገር ነው፤ ገንዘብ ሰብሳቢው ግን እንደ ነውር ቈጥሮ ይጥለዋል።

ስለ ቤት ቃጠሎ አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። የሣር ክዳን ጎጆ ሲቃጠል ነበልባሉ የሚያስፈራ ቢሆንም ዕድሜው አጭር ነው። በእንስራ ሆኖ ከመሬት በታች የተቀበረ ገንዘብ ጥቂት ጣት የሚያህል አፈር እንኳ ከነበረበት ብዙ አይነካውም። ገንዘቡን የሚጐዳው የሣሩ ነበልባል ሳይሆን ምሰሶውና ማገሩ ከወደቁ በኋላ ለብዙ ሰዓት የሚቆየው ፍም ነው። ስለዚህ ትልልቅ የእንጨት ጣሪያ የነበራቸው አብያተ ክርስቲያናትና የመኳንንት አዳራሾች ሲቃጠሉ በውስጣቸው የነበረው ብረታ ብረት ከጎጆው ይልቅ ይጐዳል። ግራኝ አሕመድ በ1535 እ.ኤ.አ. የአክሱም ጽዮንን ሲያቃጥል፥ ዐፄ ቴዎድሮስ በ1866 እ.ኤ.አ. ጐንደርን ሲያቃጥሉ፥ ደርቡሾችም በ1888 እ.ኤ.አ. እንደ ገና ሲያቃጥሏት የነበረው እሳት የዚህ ዓይነት ነው። ሆኖም ብረቱ ፈጽሞ ፈስሶ እንደ ጭቃ የተጋገረ የገንዘብ ክምር የተገኘ እንደ ሆነ፥ ከቃጠሎው አስቀድሞ ወናፍና ከሰል ያለበትን ምድጃ መጠርጠር ይገባል። በወናፍ የተነፋ ከሰል ከ1000 ዲግሪ በላይ ለመድረስ አይቸገርም። ተመራማሪ የከተማ ቃጠሎ ታሪክ በአእምሮው ሞልቶ ወደ ገንዘቡ ሲመጣ የሚያየውን ጥቍረት ሁሉ ለዚያ ታሪክ ምስክር ማድረግ ይቀናዋል፤ እኔ እንደሚመስለኝ ከማተሚያ ስሕተት ይልቅ ብዙ ያሳሳተን ይህ ነው።

ቀለም ደካማ ምስክር ነው። መዳብ ያለበት ብር በአየር ውስጥ ሲግል መዳቡ ወደ ላይ ወጥቶ ይጠቍራል። ብር ግን በዕቃ ቤት ተቀምጦም በድኝ ትነት ይጠቍራል። ነሐስ በእሳት ቀይ ሽፋን ያበጃል፤ በመሬት ውስጥ ሲኖርም ከአረንጓዴው ዝገት በታች ይኸው ቀይ ሽፋን ይገኝበታል። ስለዚህ ጥቍር ነውና ተቃጥሏል፥ ቀይ ነውና ተቃጥሏል ማለት አይቻልም። ከቀለም ሁሉ የሚረዳው ነጭነት ነው፤ ነገሩም እንዲህ ነው። ማተሚያ ቤቶች ጥፍጥፉን ከመምታታቸው በፊት አግለው በኮምጣጣ ፈሳሽ ያጥቡት ነበር፤ በዚህ ጊዜ የላዩ መዳብ ተበልቶ ንጹሕ ነጭ ብር ይቀራል። ገንዘቡ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ነጩ ከጐላ ጐላው ቦታ ላይ፥ ከጉንጩና ከፀጉሩ ላይ አስቀድሞ ይላጫል። አንጥረኛም ብር አግሎ በኮምጣጣ ያጥባል። ነገር ግን እርሱ የሚያጥበው ያለቀውን ገንዘብ ስለ ሆነ ነጭነቱ ያለቀውን ቦታም ጭምር ይሸፍናል። ጉንጩ ካለቀ በኋላ ነጭ የሆነ ጠገራ ከማተሚያ ቤት ከወጣ በኋላ እሳት ያየ ነው። እዚህም ላይ የሚፈርደው ቀለሙ ሳይሆን ቅደም ተከተሉ ነው።

እብጠትም እንዲሁ ነው። ብረቱ ሲፈስስ አየር ተይዞበት የነበረ እንደ ሆነ ጥፍጥፉ ሲግል ውኃ እንደ ቋጠረ ቆዳ ያብጣል። ይህ ከምቱ በፊት የሆነ እንደ ሆነ የማኅተሙ ጉልበት እብጠቱን ይደፈጥጠዋል፥ ፊደሉም በላዩ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከምቱ በኋላ የሆነ እንደ ሆነ ግን ፊደሉ ከእብጠቱ ጋር ተነሥቶ ይለጠጣል፤ ፊኛ ላይ እንደ ተጻፈ ጽሕፈት መስመሩ ይሰፋል። ከንብርብሩ የተላጠ ቅርፊትም በዚሁ ሕግ ይመረመራል፤ በተላጠው ቦታ ሥር የሥዕሉ ደብዛዛ ጥላ ካለ ከምቱ በፊት የተላጠ ነው፤ ምንም ከሌለና የብረቱ ሸካራ ጅማት ብቻ ከታየ ኋላ የተላጠ ነው።

አሁን ወደ ተነሣንበት ወደ ወርቁ እንመለስ። የአክሱም ሠራተኞች ከ4ኛው ምዕት ዓመት ጀምሮ በብርና በነሐስ መሐለቅ ላይ በንጉሡ ራስ ዙሪያ ወይም በመስቀሉ መካከል ዝቅ ያለ ቦታ አበጅተው በስስ ወርቅ ይለብጡት ነበር። በዋዜባስ ነሐስ ላይ ወርቁ ከንጉሡ ራስ ጀርባ እንደ ብርሃን አክሊል ይታያል፤ በአርማሕ የብር መሐለቅም መስቀሉን ያስጌጠዋል። በሌላ መንግሥት ገንዘብ እምብዛም አቻ ያልተገኘለት ጥበብ ነው። እያንዳንዱን መሐለቅ ለየብቻ በእጅ ማስጌጥን የሚጠይቅ ስለ ሆነ ሠራተኛ ዘንግቶት ወይም ትቶት የሚወጣ ገንዘብ መኖሩ ከማይታመን ነገር አይቈጠርም። ስለዚህ ስሕተቱንም ጕዳቱንም በእኩል ዓይን መጠርጠር ይገባል።

ወርቅ የሚጠፋበት መንገድ ብዙ ነው። በእጅ ብዛት ያለቀ እንደ ሆነ ከመሐሉ ይጠፋና በፊደሉ ሥርና በዝቅታው ማዕዘን ይቀራል። ሰው በጩቤ ጫፍ የፋቀው እንደ ሆነ ጭረቱ ይታያል። ከሁሉ የሚበዛው ግን ዝገት ነው፤ ነሐስ ከወርቅ ጋር ተነካክቶ በርጥብ አፈር ውስጥ ሲቀመጥ ነሐሱ ፈጥኖ ይበላል፥ ዝገቱም ሲያብጥ ወርቁን ከሥሩ ፈንቅሎ ይጥለዋል። እሳት ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ነው። እሳት ስሱን ወርቅ አይፍቀውም፥ አይጥለውም፤ ወደ ውስጥ ያሰርገዋል። ወርቅና ብር፥ ወርቅና መዳብም በጽኑ ሙቀት ሳይቀልጡ እንኳ አንዱ በሌላው ውስጥ ይሠርጋሉ፤ ልባጡ እየገረጣ ሄዶ በመጨረሻ ለዓይን ይሰወራል። ስለዚህ በዓይን ባዶ የሚመስለው ቦታ በኤክስ ሬይ ሲመረመር ወርቅ ያለው ሆኖ ይገኛል። ይህ መሣሪያ መሐለቁን ሳይቈርጥና ሳይፍቅ የላዩን ብረት ይዘት ስለሚናገር ለእንዲህ ያለው ጥያቄ ከማናቸውም ይልቅ የተሻለ ነው። በዝቅታው ሜዳ ሁሉ እኩል የሠረገ ወርቅ ከተገኘ እሳት ነው፤ በማዕዘን ብቻ ከተገኘ ማለቅ ወይም መፋቅ ነው፤ በተጠበቀና ዝገት ባልበላው ገጽ ላይ ከነጭራሹ ካልተገኘ ብቻ ሠራተኛው አልለበጠውም ለማለት ድፍረት እናገኛለን። ዝገት የበላው ገጽ ላይ ወርቅ መጥፋቱ ግን ምንም አያስረዳም፤ ይህን መሐለቅ ከክርክሩ ማውጣት ይሻላል።

መሐለቁ እንዲቈረጥ የተፈቀደ እንደ ሆነ በማጉያው የሚታየው የብረቱ ቅንጣት ነገሩን ይቈርጠዋል። በመዶሻ የተመታ ብረት ቅንጣቱ የተጨፈለቀና የተወጠረ ነው። ኋላ የጋለ እንደ ሆነ ቅንጣቱ እንደ ገና ተወልዶ ቀጥ ያሉ ጥንድ መስመሮች ያሉት ንጹሕ መልክ ይይዛል። ነገር ግን አንድ የዋዜባስ ነሐስ ለዚህ ሲባል ይቈረጥ የሚል ሙዚየም ይኖራል ብዬ አላምንም፤ መኖርም የለበትም።

ከአንድ እንስራ ወጥተው አብረው የተቃጠሉ መሐለቆች ተመሳሳይ ጕዳት ስለሚያሳዩ አንድ ማተሚያ ቤት ያበላሻቸው ሊመስሉ ይችላሉ። ይህን ለመፍታት ጕዳቱ በሥዕሉ ላይ የት እንዳረፈ ማየት ይበቃል። የማኅተም ጕድለት በእያንዳንዱ ላይ ከአንድ ፊደል አጠገብ ሳይለይ ይቆማል፤ እሳት ግን ሥዕሉን አያውቅም፤ ከላይ የነበረውን በራሱ፥ ከጐን የነበረውን በእግሩ እየነካ ያልፋል። ይህን ለማየት ግን መሐለቆቹ ከእንስራው ሲወጡ በምን ቅደም ተከተልና በየትኛው ፊት እንደ ተኙ መጻፍ አለበት። አብዛኛው የአክሱም መሐለቅ ከዝናም በኋላ በእርሻ መሬት ላይ በገበሬና በእረኛ እየተለቀመ፥ በገበያም እየተሸጠ ወደ ሰብሳቢዎች የገባ ስለ ሆነ ይህ ጽሕፈት የለውም። ገበያውም በበኩሉ ጕዳቱን ያበዛዋል፤ ዝገቱን ለማስለቀቅ መሐለቅን በእሳት የሚለበልብ ነጋዴ አለ፥ የተለበለበውን ብርቅ የማተሚያ ስሕተት ነው ብሎ በእጥፍ የሚሸጥም አለ። የዚህ ዓይነቱ አዲስ ቃጠሎ የሚታወቀው ጥቍረቱ ከአሮጌው ዝገት በላይ ያረፈ በመሆኑ ነው። በጥንት ዘመን ተቃጥሎ የተቀበረው ግን አረንጓዴው ዝገት ከጠብታውና ከእብጠቱ በላይ ሳይቋረጥ በቅሎ ይገኛል። ስለዚህ ሳይታጠብ የመጣ መሐለቅ ሳይታጠብ መቀመጥ አለበት፤ አረንጓዴው ዝገት ከተወለወለ በኋላ የትኛው እሳት እንደ ቀደመ የሚናገር ሌላ ምስክር አይገኝምና።